ውድድር በሌለበት ወቅት ከሩጫ እንዳይርቁ፦ ለጌዴኦ ሯጮች የተዘጋጀ መመሪያ

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሠፈር ቡድኖች ጨዋታ ሲያልቅ፣ ወይም ጥቅምት ላይ ቡናው መቅላት ሲጀምር ዲላና አካባቢዋ ያሉ ብዙ ሯጮች ልምምድ ያቆማሉ። ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ውድድር የለም፣ አሠልጣኙ የለም፣ አብሮ የሚሮጠው ጓደኛ ወደ ቤተሰቡ ሄዷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሥራው በዝቷል። «ዝናቡ ያባራና እጀምራለሁ» እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። የውድድሩ ቀን ሲቃረብ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ በጥድፊያ ይጀመራል፤ ጅማት የሚጎዳውም፣ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉትም ያኔ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በእነዚህ ወራት አቋማቸውን ጠብቀው መቆየት ለሚፈልጉ ነው፤ ለተማሪው፣ ለመምህሯ፣ ለኳስ ተጫዋቹ፣ ቀኑን በቡና ለቀማ ለሚያሳልፈው ወጣት። ዋናው ምክር አንድ ነው፦ ወኔ እስኪመጣልዎ አይጠብቁ። ወኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መሮጥ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከቤት የሚያስወጣዎት አስቀድመው ያዘጋጁት ነገር ነው፤ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ መንገድ፣ የሚጠብቅዎ ሰው፣ የደረቀ ጫማ። የሚከተሉት ደረጃዎች እነዚህን አንድ በአንድ ያዘጋጁልዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዝግጅቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

• ሶሉ ያላለቀና ጭቃ ላይ የሚይዝ ጫማ። ሰልባጅ ቢሆንም ችግር የለውም። ሲገዙ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ያጥፉት፤ ጣት በሚታጠፍበት በኩል ከታጠፈ ጥሩ ነው፣ መሐሉ ላይ ከተሰበረ ይተዉት። ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ጫማም አይግዙ። ከትልቁ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር።
• ሁለት ቅያሪ ካልሲና ሁለት ቅያሪ የሩጫ ልብስ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል።
• ሰዓት ወይም ተራ የእጅ ስልክ። ርቀት ከመቁጠር ይልቅ ደቂቃ ይቁጠሩ።
• አንድ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ።

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ዕድሜዎ ከ40 በላይ ሆኖ ለዓመታት ስፖርት ካልሠሩ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።

1. መጀመሪያ በቂ እረፍት ያድርጉ፤ የእረፍቱን ማብቂያ ቀን ግን ዛሬውኑ ይቁረጡ

የውድድር ዘመን ያለቀበት ሰውነት እረፍት ያስፈልገዋል። ያረጀ ቡና ተጎንድሎ አዲስ ቀንበጥ እንደሚያወጣ ሁሉ የዛለ እግርም ጊዜ ሲያገኝ ይታደሳል። ከ7 እስከ 14 ቀን ሩጫ ያቁሙ። ይራመዱ፣ ይዋኙ፣ ከልጆች ጋር ኳስ ይጫወቱ፣ በደንብ ይተኙ።

እረፍቱን ከሁለት ሳምንት የማናሳልፍበት ምክንያት አለ። ልምምድ ሙሉ በሙሉ ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደምም ያንሳል። አራት ሳምንት ሲሆን ጥሩ አቋም ላይ የነበረ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ4 እስከ 14 በመቶ ሊወርድ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ያን መልሶ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ከጠፋበት ይረዝማል።

የተለመደው ስህተት ማብቂያ የሌለው እረፍት መውሰድ ነው። «ትንሽ ልረፍ» ያለ ሰው መቼ እንደሚመለስ ስለማያውቅ ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ እረፍቱን በጀመሩበት ዕለት የሚመለሱበትን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ያክብቡት።

2. የማይወርዱበትን ዝቅተኛ ልክ ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚተወው ውድድር በነበረበት ጊዜ የሚሠራውን ሁሉ ለመሥራት ስለሚሞክር ነው። በሳምንት 6 ቀን መሮጥ ሲያቅተው ጨርሶ ያቆማል። አቋምን ለመጠበቅ ግን አቋምን ለመገንባት የሚያስፈልገውን ያህል ሥራ አያስፈልግም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ሂክሰንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ይህንን በተከታታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ ለ10 ሳምንታት በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ጠንካራ ልምምድ ካደረጉ በኋላ ልምምዱ ተቀነሰላቸው። በሳምንት ወደ 4 ወይም ወደ 2 ቀን ያወረዱት ለ15 ሳምንታት ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸውን ይዘው ቆዩ። ቀኑን ሳይቀንሱ ደቂቃውን ያሳጠሩትም እንዲሁ። አቅማቸው የወረደው የልምምዱን ጥንካሬ የቀነሱት ናቸው።

ከዚህ የምንወስደው ሕግ ግልጽ ነው። ጊዜ ሲጠፋ ቀኑን ይቀንሱ፣ ደቂቃውን ያሳጥሩ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ትንፋሽ የሚያስወጣውን ልምምድ ግን አይተዉ። ዝቅተኛ ልክዎ ይህ ይሁን፦ በሳምንት 2 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከሁለቱ አንዱ ዳገት። የተሻለ ሳምንት ሲገጥምዎ ይጨምሩ፤ በመጥፎ ሳምንት ግን ከዚህ በታች አይውረዱ።

3. ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በወረቀት ይጻፉ

በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብሪታንያ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ስለ ስፖርት ጥቅም የሚያነሳሳ ጽሑፍ አነበበ። ሌላው ቡድን ያንኑ አንብቦ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት ስፖርት እንደሚሠራ እንዲጽፍ ተደረገ። ማነሳሻውን ብቻ ካነበቡት መካከል ስፖርት የሠሩት 35 በመቶ ሲሆኑ፣ ቀንና ቦታ ከጻፉት ግን 91 በመቶ ሠሩ። ፍላጎት በሁለቱም ቡድን ነበረ፤ ልዩነቱን ያመጣው አንድ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው።

እርስዎም እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ከቤቴ እስከ ድልድዩ ደርሼ እመለሳለሁ።» ቀጥሎ ለሚያውቁት እንቅፋት መልሱን አብረው ያስቀምጡ፦ «ከባድ ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ 20 ደቂቃ ገመድ እዘላለሁ።» «ጠዋት ካመለጠኝ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ።» እንዲህ ሲሆን በዚያች ሰዓት ከራስዎ ጋር መከራከር አይኖርም፤ ውሳኔው አስቀድሞ ተወስኗል።

የሚመርጡት ሰዓት በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድን አዲስ ነገር ልማድ ለማድረግ የሚወስደውን ጊዜ በ96 ሰዎች ላይ የተከታተለ የለንደን ጥናት በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝቷል፤ እንደ ሰውና እንደ ሥራው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት አሁንም ከባድ ሆኖ ቢያገኙት የሚገርም አይደለም። ያው ጥናት አንድ ቀን መሳት ልማዱን እንደማያፈርሰውም አሳይቷል።

4. የጠዋቱን ሥራ ማታ ይጨርሱ

ጠዋት በጨለማ ካልሲ መፈለግ የጀመረ ሰው ተመልሶ ይተኛል። ከመተኛትዎ በፊት ቱታውን፣ ካልሲውንና ጫማውን በሚለብሱበት ቅደም ተከተል ወንበር ላይ ያስቀምጡ። አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገብዎ ያኑሩ። ስልኩን ለማጥፋት መነሳት ግድ እንዲሆንብዎ ከአልጋው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። የቤቱ ሰው ይወቅ፤ እናት ወይም ባለቤት «ዛሬ አትወጣም?» ብላ መጠየቋ በራሱ ያግዛል።

ከዚያ የ10 ደቂቃ ስምምነት ከራስዎ ጋር ይግቡ። ለብሰው ይወጣሉ፣ 10 ደቂቃ በሶምሶማ ይሮጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ከፈለጉ ያለ ጸጸት ይመለሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ከሞቀ በኋላ መቀጠል ይቀልላል። የተመለሱበት ቀንም አይባክንም፤ ሰዓቱ ተጠብቋል።

5. ሦስት መንገዶች ይምረጡ

አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሯጭ ያ መንገድ ሲበላሽ ሩጫውም ይቆማል። ለሦስት ዓይነት ቀን ሦስት መንገድ ይኑርዎት።

ሀ. የዝናብ ቀን መንገድ። አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይም ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና አስፋልት ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን እያቋረጠ ስለሚያልፍ ለብዙዎች ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የጭነት መኪና፣ አይሱዙና ባጃጅ ይበዛበታል። የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እንዲያዩት በግራ ጠርዝ ይሩጡ፣ ነጭ ወይም ደማቅ ቀለም ይልበሱ፣ ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ አያድርጉ። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ዋናውን አስፋልት ይተዉና የሠፈር ውስጥ መንገድ ይያዙ።

ለ. የደረቅ ቀን መንገድ። በቡናና በእንሰት መካከል የሚያልፉት የእግር መንገዶች ለእግር የለሰለሱ፣ ለፀሐይም ጥላ ያላቸው ናቸው። በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማሳ ባለቤት አለው። ሰው በሚሄድበት መንገድ ብቻ ይሩጡ፣ ያገኙትን ሰው ሰላም ይበሉ፣ ቡና የተሰጣበት አልጋ አጠገብ አይግቡ። ከዝናብ በኋላ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት አንድ ሁለት ቀን እስኪጠነክር ይጠብቁ።

ሐ. የዳገት መንገድ። ይህን ለማግኘት ጌዴኦ ውስጥ ሩቅ አይሄዱም። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ወደ ቡሌ ሲወጡ ከፍታው 2,500 ሜትርን ያልፋል። ለልምምዱ የሚበቃዎት ግን በ45 ሴኮንድ የሚወጣ፣ መሬቱ የጠነከረና መኪና የማይበዛበት አንድ ዳገት ነው። ኮቸሬ አካባቢ የሚኖሩ ወደ ሬኮ ተራራ ከሚወጡት መንገዶች አንዱን ቁራጭ መምረጥ ይችላሉ።

ለሁሉም መንገዶች የሚሠራ ጥንቃቄ፦ ሳይነጋ አይውጡ። ጨለማ ውስጥ ጅብም፣ የሚናከስ ውሻም፣ ያልታየ ጉድጓድም አለ። ውሻ ከመጣብዎ ሩጫዎን ያቁሙ፣ ፊትዎን ወደ እሱ አዙረው ቀስ እያሉ ይራቁ፤ የሚሮጥን ነገር ውሻ ያባርራል። መብረቅ ካለ ዳገት ላይ አይውጡ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥርም አይጠለሉ። ሴት ሯጮች ለከፋን ለመቀነስ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ቢወጡና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤት ሰው ነግረው ቢሄዱ ይመረጣል።

6. የሚጠብቅዎ ሰው ያግኙ

ለራሱ የገባውን ቃል በቀላሉ የሚያፈርስ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን ጓደኛ ትቶ አይቀርም። አብሮ መሮጥ እኛ ዘንድ ያለ ትልቅ ሀብት ነው። በቆጂም፣ አሰላም፣ እንጦጦም የአገራችን ሯጮች የሚያድጉት በቡድን እየሮጡ ነው።

ጓደኛዎ እኩል ፈጣን መሆን የለበትም። ፍጥነታችሁ ከተለያየ ልምምዱን በደቂቃ አድርጉት፤ ሁለታችሁም 15 ደቂቃ ትሄዳላችሁ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ሁለታችሁም ፊታችሁን ታዞራላችሁ፣ መነሻው ላይ ትገናኛላችሁ። ዳገት ላይ ከሆነ ፈጣኑ ቀድሞ ወጥቶ ሲወርድ ሌላውን ያገኘዋል።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንደኛ፣ መገናኛው ቦታ የሚታወቅ ምልክት ይሁን። ሁለተኛ፣ የመጣው ሰው ከ5 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም፤ ብቻውን ይጀምራል። ሦስተኛ፣ የሚቀር ሰው ማታውኑ ይደውላል። የተለመደው ስህተት ሰባት ስምንት ሰው ሰብስቦ መጀመር ነው፤ ሁሉም «ሌላው ይሄዳል» እያለ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል።

7. ሳምንቱን እንዲህ ያዋቅሩ

ማክሰኞ፦ 30 ደቂቃ ሶምሶማ። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለብዎት። ካልቻሉ ፈጥነዋል፤ ይቀንሱ።

ሐሙስ፦ ዳገት። 10 ደቂቃ በሶምሶማ ይሙቁ። ከዚያ ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ዳገቱን ጠንከር አድርገው ይውጡ፤ ዓይንዎ ወደ ፊት፣ እርምጃዎ አጭር፣ ክንድዎ የሚሠራ ይሁን። ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ መናገር ከቻሉ ልኩ ያ ነው። እየተራመዱ ይውረዱ፣ ትንፋሽዎ ሲመለስ ይድገሙ። በመጀመሪያው ሳምንት 4 ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ እስከ 10 ይድረሱ። በመጨረሻ 5 ደቂቃ በቀስታ ሮጠው ያቀዝቅዙ። ዳገት የሚመረጥበት ምክንያት ልብን አጥብቆ እያሠራ እግር መሬት ላይ የሚያርፍበትን ጫና ስለሚቀንስ ነው። ጡንቻን የሚያቆስለው በቁልቁለት መሮጥ ስለሆነ ሲወርዱ አይሩጡ።

ቅዳሜ፦ ረዘም ያለ ሩጫ፣ ከ45 እስከ 70 ደቂቃ። ፍጥነቱ የማክሰኞው ነው። ከዲላ ተነስተው ወደ ከፍታ የሚወጡ ከሆነ ያው ጉልበት ያነሰ ፍጥነት እንደሚሰጥዎ ይወቁ፤ በሰዓትዎ ሳይሆን በትንፋሽዎ ይመሩ።

ከሌሎቹ ቀናት በሁለቱ፦ የ15 ደቂቃ የጥንካሬ ልምምድ ቤት ውስጥ። ቁጭ ብድግ 15 ጊዜ፣ በአንድ እግር ተረከዝን ማንሳት በእያንዳንዱ እግር 12 ጊዜ፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት 30 ሴኮንድ፣ ፑሽ አፕ የቻሉትን ያህል። ሦስት ዙር ይድገሙት። ቁርጭምጭሚትና ባት የጠነከረ ሰው በጭቃ መንገድ እግሩ በቀላሉ አይዞርበትም።

አዲስ ጀማሪ ከሆኑ ማክሰኞና ቅዳሜ 2 ደቂቃ ሮጠው 2 ደቂቃ እየተራመዱ 24 ደቂቃ ይሙሉ፤ ሐሙስ ዳገቱን በፈጣን እርምጃ ይውጡት። በየሳምንቱ የሚሮጡበትን በአንድ ደቂቃ ያርዝሙ። ሙሉው የሳምንቱ ፕሮግራም ሲደመር ትልልቅ ሰዎች በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ፣ ወይም ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የዓለም ጤና ድርጅት ወደሚመክረው ልክ ያደርስዎታል።

8. ለቡና ለቀማ ሳምንታት የተለየ ዕቅድ ያውጡ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጌዴኦ ውስጥ ሁሉም ሰው ከቡና ጋር ነው። ለቃሚው ተዳፋት ላይ ቆሞ ይውላል፤ እሸቱን ተሸክሞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ይወርዳል፤ ጣቢያ ላይ የሚሠራው ሌሊቱን ሊያመሽ ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት የ7ኛውን ደረጃ ሙሉ ፕሮግራም መከተል ሰውነትን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም።

ስለዚህ የጥንካሬውን ልምምድ ይሰርዙት፤ ሸክሙና ተዳፋቱ ይተካዋል። በ2ኛው ደረጃ ወደወሰኑት ዝቅተኛ ልክ ይውረዱ፦ አንድ የዳገት ቀን፣ አንድ የ25 ደቂቃ ሶምሶማ። ዳገቱን ሥራው ቀለል በሚልበት ቀን ያድርጉት። ከ6 ሰዓት በታች በተኙበት ማግስት ጠንካራ ልምምድ አይሥሩ፤ ሶምሶማውን ብቻ ይሩጡ። ጣቢያው ከቤትዎ ብዙ የማይርቅ ከሆነ ጠዋት ሮጠው መሄድ ሌላ ሰዓት ከመፈለግ ያድናል፤ ቅያሪ ልብስ በፌስታል አስረው ይያዙ።

የዚህ ወቅት ስህተት «ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» ብሎ ሩጫን ጨርሶ መተው ነው። ሸክም ጉልበት ይሰጣል፤ ትንፋሽን ግን ሩጫ እንደሚጠብቀው አይጠብቅም።

9. የሚበሉትንና የሚጠጡትን ያስተካክሉ

ጠዋት ለ30 ደቂቃ ሩጫ ባዶ ሆድ ችግር የለውም፤ ውሃ ብቻ ይጠጡ። ለቅዳሜው ረጅም ሩጫ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ሙዝ ወይም አንድ ብርጭቆ ቀጠን ያለ በሶ ይውሰዱ። አንድ ስኒ ቡና የለመደ ሰው ከሩጫ በፊት ቢጠጣ አይጎዳውም፤ ካፌይን ጽናትን እንደሚያግዝ የታወቀ ነው። አቮካዶ ስብ ስላለው ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ለምሳ ያቆዩት።

ቆጮና ቡላ ጥሩ ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ጥቂት ነው። የደከመ ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ስለሆነ ከቆጮው ጋር ባቄላ፣ ምስር፣ አይብ ወይም እንቁላል ያድርጉበት። በጾም ወቅት አይቡንና እንቁላሉን ሽሮና ቆሎ ይተኳቸዋል። ውሎውን የሚጾሙ ከሆነ ሶምሶማውን ከማፍጠሪያው ጥቂት ቀደም ብለው ያድርጉ፤ ወዲያው መጠጣትና መመገብ ይችላሉ።

ጫት ቅመው አይሩጡ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሦስቱም ሯጭን የሚጎዱ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት የነገን ጠዋት ልምምድ ማታውኑ ይሰርዘዋል።

10. የራሰ ጫማ እንዴት እንደሚደርቅ ይወቁ

ዝናብ ሯጩን የሚያሸንፈው በመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ በማግስቱ ጫማው እንደራሰ ሲገኝ ነው። ከሩጫ እንደተመለሱ ቁጭ ሳይሉ ይህን ያድርጉ፦

• ጭቃውን በቀዝቃዛ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡ። ቀዩ አፈር ከደረቀ በኋላ ሶሉን ይሞላውና ማንሸራተት ይጀምራል።
• ማሰሪያውን ይፍቱ፣ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ለብቻው ያስጡ።
• ጫማው ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ እስከ ጣቱ ድረስ ይጠቅጥቁ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የራሰውን አውጥተው በደረቅ ይለውጡ። ማታ አንዴ ደግመው ይለውጡት።
• ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር በጎኑ ያስቀምጡት።

ለማፋጠን ብሎ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ የብዙዎች ስህተት ነው። ሙቀት ሙጫውን ያለቅቀውና ሶሉ በሳምንቱ አፉን ይከፍታል። እግርዎንም አይርሱ፤ በጣቶች መካከል በደንብ ያድርቁ፣ እርጥብ ካልሲ አድርገው አይዋሉ፤ የእግር ፈንገስ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

11. ይመዝግቡ፤ ሩቅ ያልሆነ ግብም ያስቀምጡ

በእያንዳንዱ ልምምድ ማግስት አንድ መስመር ይጻፉ፦ ቀን፣ ደቂቃ፣ እንዴት ነበር። «ሐሙስ፣ 6 ዳገት፣ መጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበዱ» ይበቃል። አቋም በቀስታ ስለሚለወጥ ዓይን አያየውም፤ ደብተር ግን ያሳያል። ከወር በፊት የከበደዎት ልምምድ ዛሬ እንደቀለለ ሲያነቡ የሚሰማዎት ደስታ ለቀጣዩ ሳምንት ያግዛል።

ግቡ በ8 ወይም በ10 ሳምንት ውስጥ የሚደረስበት ይሁን። ሬኮን ሳያቆሙ መውጣት፣ ከዲላ ተነስቶ ወናጎ ሮጦ መግባት፣ በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ መሳተፍ ለብዙዎች ተስማሚ ግቦች ናቸው።

ውድድር ከሌለኝ ለምን እዘጋጃለሁ ለሚል የማራቶን ሯጩን የታምራት ቶላን ታሪክ እናስታውሰው። በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ ተጠባባቂ ነበር፤ ለቡድኑ የተመረጠው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ የተተካው ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 በዚያ ከባድ ዳገት ባለበት መንገድ በ2:06:26 ገብቶ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ አቋም አይሠራም፤ መሰለፉ ሳይረጋገጥ ጠብቆ ያቆየው ነው።

12. መቼ እንደሚያቆሙና እንዴት እንደሚመለሱ ይወቁ

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ካለብዎ አይሩጡ። ዲላ ወባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናት፤ ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ወባ የሚበዛበት ወቅት ነው። «ላብ ያወጣዋል» ብሎ መሮጥ አደገኛ ስህተት ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። ደረት ላይ ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት ከተሰማዎት ወዲያው አቁመው ሐኪም ያማክሩ። የጡንቻ ድካም ሲሞቅ ይቀንሳል፤ እየሮጡ የሚብስ፣ በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን እረፍት ይፈልጋል።

በሕመም፣ በሐዘን ወይም በሥራ ምክንያት ከቆሙ ያመለጠዎትን ለማካካስ አይሞክሩ። ያቆሙት ለአንድ ሳምንት ከሆነ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ለሁለት ሳምንት ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት ደቂቃውን በግማሽ ቀንሰው ያለ ዳገት ይሩጡ። ከአንድ ወር በላይ ከሆነ በ7ኛው ደረጃ ላይ ካለው የጀማሪ ፕሮግራም ይነሱ፤ የቀድሞ ሯጭ ከአዲስ ጀማሪ ፈጥኖ ይመለሳል። በማንኛውም ሁኔታ የሚመለሱበትን ቀን፣ ሰዓትና መንገድ ጽፈው ለጓደኛዎ ይንገሩት። ረጅሙ ወቅት የሚያልፈው በአንድም ቀን ባልቀሩ ሰዎች አይደለም፤ በቀሩ ቁጥር ቶሎ በሚመለሱት ነው።